የደራርቱና የሜየር ሩጫ ለልጆች፦ ማብራሪያውን የት ላስገባው?

ሰላም ለሁላችሁ። ከ9 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች፣ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ኦሎምፒክ ስለተካሄደው የሴቶች 10,000 ሜትር 300 ቃል ያህል እየጻፍኩ ነው።

መጨረሻው ራሱን በራሱ ይጽፋል፤ ደራርቱ ቱሉ መስመሩን አልፋ ነጭ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት፣ ተቃቀፉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያስቸገረኝ መሃሉ ነው። ከ25ቱ ዙር ግማሹ ካለፈ በኋላ ሜየር ስትመራ ደራርቱ ከኋላዋ አልለቅ ብላ ቆየችና በመጨረሻው ዙር አፈተለከች። ልጅ ይህን ሲያነብ «ታዲያ አታለለቻት?» ማለቱ አይቀርም። ፊት ያለው ነፋሱን እንደሚሰብር፣ ከኋላ ያለው ጉልበት እንደሚቆጥብ፣ ይህም የተፈቀደ ስልት መሆኑን ልግለጽ ስል ሩጫው ቀጥ ይላል።

ሁለተኛው ያስቸገረኝ አፓርታይድ፣ ማለትም የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት ነው። በእሱ የተነሳ ደቡብ አፍሪካ ከ1960 እ.ኤ.አ. ወዲህ እስከ ባርሴሎና ድረስ ኦሎምፒክ ላይ አልነበረችም፤ ይህ ካልተነገረ መተቃቀፉ ተራ ሰላምታ ይሆናል። መግቢያው ላይ ሳስቀምጠው የታሪክ ትምህርት መሰለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስሜቱን አቀዘቀዘው። («ስፖርታዊ ጨዋነት» የሚለውን ቃል አውጥቼዋለሁ፤ የተያያዙት እጆች ይበቃሉ።)

ለልጆች የምትጽፉ፣ ነፋሱንም አፓርታይዱንም የትኛው ዙር ላይ ትጥሉታላችሁ? በስንት ዓረፍተ ነገር?