የጫካ ነበልባል፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ለውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ለከተማው የምናቀርበው ሐሳብ ረቂቅ ተዘጋጅቷል። ጅማ ውስጥ በየግቢው የምንተክለው የጫካ ነበልባል (ስፓቶዲያ) የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ዛፍ ነው። በሃዋይ፣ በፊጂና በፖርቶ ሪኮ ከአጥር ወጥቶ መሬት ወርሷል፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ከ100ዎቹ አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች መድቦታል። ስለዚህ «ከከተማው ይወገድ» ብዬ ጽፌአለሁ። እስቲ ተቹት።

የችግኝ ጣቢያ ባለቤት፦
ጋሼ፣ ሳይቆጠር ይወገድ ይባላል? የጠቀሷቸው ሁሉ ሙቅ ደሴቶች ናቸው፤ እኛ ከ1,700 ሜትር በላይ ነን፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ከእናት ዛፍ ሥር አንድ ቡቃያ አይቼ አላውቅም። ለሽያጭ የደረሱ 200 ችግኞች እንዳሉኝም አልደብቅም።

የባዮሎጂ መምህር፦
እትዬ፣ ከእናቱ ሥር ምን ሊፈልጉ ሄዱ? እንደ ታንኳ ያለው ፍሬው ሲሰነጠቅ በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩ እንደ ስስ ወረቀት ያለ ክንፍ ስላለው ነፋስ ራቅ አድርጎ ይወስደዋል። ብርዱም ቢሆን አያስተማምንም፤ ኬንያ ውስጥ ዛፉ የናንዲ ነበልባል ይባላል፣ ናንዲ ደግሞ ከጅማ ከፍ ያለ አገር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ፖርቶ ሪኮ ነው። እዚያ የወረሰው ባለቤቱ የተወውን የእርሻና የግጦሽ መሬት ነው፤ በእኛም ዙሪያ የጥላ ዛፎቹ ዋንዛና ሰሳ ብቻ የቀሩባቸው፣ ቡናው የተረሳ ማሳዎች አሉ። ለጸሐፊያችን ደግሞ፦ ይህ ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶውም ከሥሩም ያቆጠቁጣል። መጥረቢያ ይዘን ብንዘምት የምናበዛው ራሳችን ነን።

ንብ አናቢ፦
የአበባው ነገርም ይግባ። ብራዚል ውስጥ የጣዝማ ዘመድ የሆኑ ንቦች በአበባው ውስጥ ሞተው ተገኝተዋል። የጣዝማ ማር ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተሸንፌአለሁ፤ «ይወገድ» የሚለውን ሰርዣለሁ። በምትኩ አውስትራሊያ ውስጥ የተዘጋጀውን የአረም ስጋት መመዘኛ እንጠቀም። 49 ጥያቄዎች አሉት፤ የመልሶቹ ነጥብ ድምር ከ6 ካለፈ ዝርያው አይፈቀድም፣ ከ1 ካነሰ ይፈቀዳል፣ በመካከሉ ያለው ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል። «በሌላ አገር ወርሯል ወይ?» የሚለው ከወዲሁ ተመልሷል። የጅማን ግን በእግራችን እንመልሰው፦ ክረምቱ ሲወጣ ከእናት ዛፎች 50፣ 100 እና 200 ሜትር ርቀን ቡቃያ እንቁጠር፤ የአዌቱን ወንዝ ዳርቻና የቦዬን ረግረግ አንዝለል። ቆጠራው እስኪያልቅ አዲስ ተከላ ይቁም።

የችግኝ ጣቢያ ባለቤት፦
እንዲህ ከሆነ እፈርማለሁ፤ እኔም ልቁጠር፣ ቡቃያ ከዓይኔ አያመልጥም። ግን ሳልሸጣቸው የሚቆዩት 200 ችግኞች ውኃ ይጠጣሉ፤ የጠባቂ ደመወዝም አለ። ይህ በረቂቁ የት ተጻፈ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አልተጻፈም። ወጪውን አስልተው እስከ ዓርብ ይላኩልኝ፣ በበጀቱ ላይ እጨምረዋለሁ።