ከ20 ጊዜ የማግኔት ሕክምና በኋላ ምን ላድርግ?

ሁለት የተለያዩ የድባቴ መድኃኒቶችን በበቂ መጠንና ለበቂ ጊዜ ወስጄ ስላልተሻለኝ፣ ሐኪሜ አንጎልን ከውጭ በማግኔት ወደሚያነቃቃው ሕክምና መራኝ። በሳምንት 5 ቀን እየተመላለስኩ እስካሁን 20 ጊዜ ታክሜያለሁ። በመጀመሪያው ቀን የማግኔቱን ኃይል የለኩት የቀኝ አውራ ጣቴ ሳላዘው ብድግ እስኪል ድረስ እየጨመሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በግራ ግንባሬ በኩል እንደ ግንደ ቆርቁር ሲያንኳኳ ጆሮዬን ደፍኜ እቀመጣለሁ። ራስ ምታቱ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ስለለቀቀኝ እሱ አያሳስበኝም።

የቸገረኝ፣ ቤተሰቦቼ ፊቴ ፈካ እንዳለ ቢነግሩኝም፣ እንቅልፌም በመጠኑ ቢስተካከልም፣ ውስጤ ግን እንደ በፊቱ የከበደ መሆኑ ነው። ሕክምናው በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንደሚቆይ፣ ዘግይቶ የሚሻለውም ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሆኖም እስከ መጨረሻው ልታገሥ፣ በቀኝ በኩል እንዲሞከርልኝ ልጠይቅ፣ ወይስ ወደ 3 ደቂቃ ብቻ ወደሚፈጀው አጭሩ አሰጣጥ ልዛወር የሚለውን መወሰን አቅቶኛል። መድኃኒት መቀየሩንም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ በዚህ ሕክምና ላይ እያሉ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ የመነሣት ዕድልን ሊጨምሩ ስለሚችሉ በራሴ አልነካካሁም።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ሕክምናውን የምትሰጡ፣ ለውጡ መጀመሪያ በምን እንደታየ ብትነግሩኝ፣ ሐኪሜንም በሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ብዬ ብጠይቅ እንደሚሻል ብትጠቁሙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።