ዝነኛ ሳይንቲስቶችን በሕዝብ ገንዘብ ማስመጣት ተገቢ ነውን? የቴክሳስ የካንሰር ምርምር ገንዘብ ለክርክር ሲቀርብ

የመወያያ ጥያቄ
የቴክሳስ መራጮች በ2007 እ.ኤ.አ. ለካንሰር ምርምርና መከላከል የሚውል 3 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ እንዲሰበሰብ ፈቅደዋል፤ በ2019 ደግሞ ሌላ 3 ቢሊዮን ጨምረዋል። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው የግዛቱ የካንሰር መከላከልና ምርምር ተቋም እስካሁን ከ300 የሚበልጡ ተመራማሪዎች ወደ ቴክሳስ እንዲመጡ ረድቷል። ቦንድ ዕዳ ነው፤ ዳላስና ሂውስተን የምንኖር ኢትዮጵያውያንም በየዕለቱ በምንከፍለው የሽያጭ ታክስ የዕዳው ተካፋዮች ነን። ይህ ወጪ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ከዳላስ፣ የሒሳብ ባለሙያ
ተገቢ አይደለም እላለሁ። ተቋሙ የካንሰር ተመራማሪውን ጄምስ አሊሰንን በ2012 ከኒውዮርክ ወደ ሂውስተኑ የካንሰር ሆስፒታል ኤም ዲ አንደርሰን ለማምጣት 10 ሚሊዮን ዶላር መድቧል፤ በ2018 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙም ግዛቱ በሙሉ ተደሰተ። ነገር ግን ያሸለማቸው፣ የሰውነት የበሽታ መከላከያ ካንሰርን እንዲዋጋ የሚያደርገው ምርምር በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያው በርክሌይ የተሠራ ሲሆን፣ ከዚያው የተገኘው ኢፒሊሙማብ የተባለው የካንሰር መድኃኒትም በ2011፣ ማለትም እርሳቸው ከመምጣታቸው በፊት፣ ተፈቅዶ ነበር። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። በአገር ደረጃ ካየነው አንድ ቤተ ሙከራ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ተዛወረ እንጂ የተጨመረ ነገር የለም። በሌላ በኩል የጤና መድን የሌለው ሕዝብ ድርሻ በአሜሪካ ከፍተኛ የሆነው በዚሁ በቴክሳስ ሲሆን፣ ሕጉ ግን ለመከላከል ሥራ ከገንዘቡ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። የጡት ምርመራ ሳታደርግ የቆየችን እናት የኖቤል ሜዳሊያ አይደርስላትም።

ከሂውስተን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ወንድሜ፣ ስለ መድን ያነሡት ነገር እኔንም ያመኛል፤ ሆኖም ከዚያ 10 በመቶ ላይ መድን ለሌላቸው ሰዎች የካንሰር ምርመራ እንደሚከፈል መዘንጋት አይገባም። ስለ «ሰው ወርቅ» ግን አልስማማም። አሊሰን አሊስ በምትባል የቴክሳስ ከተማ የተወለዱ፣ እናታቸውን ገና በልጅነታቸው በካንሰር ያጡ የዚሁ ምድር ልጅ ናቸው። ከሁሉ በላይ፣ ሳይንቲስት የሚጋበዘው ላለፈ ግኝቱ ዋጋ ለመክፈል አይደለም። አንድ መሪ ተመራማሪ ሲመጣ ወጣት ተመራማሪዎች ይከተሉታል፤ የፌዴራል ድጋፍ የሚጠየቅባቸው ጥናቶችም አብረው ይመጣሉ። በአሊሰን ሥራ ከሕሙማን ሕክምናው ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ የዕጢ ናሙና እየተወሰደ መድኃኒቱ ለምን አንዱን እንደሚያድንና ሌላውን እንደማያድን ይመረመራል፤ ይህ ብዙ ሕሙማን ባሉበት ሆስፒታል አጠገብ እንጂ በሌላ ስፍራ በቀላሉ አይሠራም። ግዛቱ በዓመት የሚሰጠው ቢበዛ 300 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ የፌዴራሉ የጤና ምርምር ተቋም በጀት ከ45 ቢሊዮን በላይ ነው። በ2025 የፌዴራል የምርምር ድጋፎች ሲሰረዙ እንዳየነው ግን አንድ ምንጭ ብቻ መጠበቅ አደጋ አለው።

ከኦስቲን፣ መምህር
ሁለታችሁም ያላነሣችሁት ጉዳይ ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል፤ እርሱም ገንዘቡ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። በ2012 የተቋሙ የሳይንስ ኃላፊ የነበሩት የኖቤል ተሸላሚው አልፍሬድ ጊልማን፣ 20 ሚሊዮን ዶላር ያለ ሳይንሳዊ ግምገማ ለአንድ የንግድ ማስፋፊያ ዕቅድ መፈቀዱን ተቃውመው ሥራቸውን ለቀቁ፤ በርካታ ገምጋሚዎችም ተከተሏቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፔሎተን የተባለ የዳላስ ኩባንያ 11 ሚሊዮን ዶላር ያለ ግምገማ ማግኘቱ ተገለጠ። አዲስ ድጋፍ መስጠት ታገደ፤ ምክር ቤቱ በ2013 ሕጉን ካጠበቀ በኋላ ነው እገዳው የተነሣው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የተከሰሱት ሌላ የተቋሙ የቀድሞ ኃላፊ በ2014 በነጻ ተሰናብተዋል።

አስቸጋሪው ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል። መርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ2019 ፔሎተንን በ1.05 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ከእርሱ የወጣው ቤልዙቲፋን የተባለ መድኃኒትም በ2021 ተፈቅዶ፣ በዘር በሚተላለፍ በሽታ ምክንያት የኩላሊት ዕጢ የሚያወጡ ሰዎችን እያከመ ነው። አንዳንዶች ይህን ይዘው «እንግዲህ ግምገማው ምን አስፈለገ?» ይላሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያልተገመገመ ዕቅድ ሲሰምር አንድ መድኃኒት ይገኛል፤ ሲከሽፍ ግን ገንዘቡ ለምን እንደተሰጠ ለከፋዩ ሕዝብ የሚያስረዳ ሰነድ እንኳ አይኖርም። ፔሎተንም ዕቅዱ ያን ያህል ጥሩ ከነበረ ግምገማውን ያልፍ ነበር።

ከዳላስ፣ የሒሳብ ባለሙያ
መምህሬ፣ በዚህ እስማማለሁ፤ የሂውስተኗ እህታችን ስለ ሕሙማኑ ናሙና የተናገሩትም «የተጨመረ ነገር የለም» ያልኩትን እንዳስተካክል አድርጎኛል። የ10 በመቶው ገደብ ግን መነሣት አለበት እላለሁ።

ከሂውስተን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ወደ 20 በመቶ ከፍ ቢል እኔም አልቃወምም፤ ጭማሪው ለተመራማሪዎች ዝውውር ከተመደበው ላይ ይቀነስ ከተባለ ግን ክርክራችን አላለቀም።