የድል ሕይወት እየተሰበከልን ለምን ተሸንፈን እንኖራለን?

ጥያቄ፦ መንገደኛው

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ለብዙ ጊዜ በልቤ ሳመላልሰው የቆየሁትን ጥያቄ ዛሬ በግልጽ ላቀርብላችሁ ወድጃለሁ። ጌታን የግል አዳኜ አድርጌ ከተቀበልሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ጸሎት አላቋረጥሁም፤ ቃሉን አነባለሁ፤ በቤተ ክርስቲያናችንም አንድ የጸሎት ቡድን እመራለሁ። በቤቴ ውስጥ ግን ቁጡ ሰው ነኝ። እጄን በማንም ላይ አንሥቼ አላውቅም፤ ሆኖም ድምፄ ከፍ ሲል ባለቤቴ ዝም ትላለች፣ ልጆቼም ወደ መኝታ ክፍላቸው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ እጸጸታለሁ፣ በእንባ ንስሐ እገባለሁ፣ ዳግመኛ ላላደርገውም እወስናለሁ። ከጾም ጸሎት ወይም ከመንፈሳዊ ጉባኤ በተመለስሁ ጊዜ ደግሞ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ያህል በእርግጥ ሌላ ሰው የሆንሁ ይመስለኛል። ከዚያ በፈሰሰ ውሃ ወይም ባልተሠራ የቤት ሥራ ምክንያት ያው የቀድሞው ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ግራ የሚያጋባኝ ውድቀቱ ብቻ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 7፥19 «የማልወደውን ክፉን ነገር አደርጋለሁና» ሲል አነባለሁ፤ ያው ሐዋርያ አንድ ምዕራፍ አልፎ በ8፥37 «በወደደን በእርሱ ከአሸናፊዎች እንበልጣለን» ይላል። የምሰማው ስብከት አብዛኛው ስለ ሁለተኛው ጥቅስ ነው፤ «ድል ነሥቻለሁ በል፣ በአፍህ አውጅ» እባላለሁ። አውጄአለሁ። ሕይወቴ ግን ከመጀመሪያው ጥቅስ አልወጣም። እንግዲህ እምነቴ እውነተኛ አይደለም ማለት ነው? ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ? በቅንነት የምትመልሱልኝን ሁሉ በትዕግሥት አነባለሁ።

መልስ፦ የቃሉ ተማሪ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳትሸፋፍን ስለ ጻፍኸው ጌታ ይባርክህ። አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጥሃቸውን ሁለቱን ጥቅሶች በመጀመሪያ በየቦታቸው እንያቸው፤ ሁለቱ ስለ አንድ ጦርነት የሚናገሩ ስለሚመስሉን ነው ብዙዎቻችን ግራ የምንጋባው።

በሮሜ 8፥37 መጀመሪያ ላይ «በዚህ ሁሉ ግን» የሚል ቃል አለ፤ ስንጠቅሰው ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ቃሉ የሚያመለክተው ወደ ኋላ፣ ወደ ቁጥር 35 ነው፤ በዚያም መከራ፣ ጭንቀት፣ ስደት፣ ራብ፣ ራቁትነት፣ ፍርሃትና ሰይፍ ተዘርዝረዋል። ሐዋርያው ከእነዚህ አንዱ እንኳ ይወገድላችኋል አላለም፤ አንዱም ከክርስቶስ ፍቅር አይለያችሁም አለ እንጂ። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 2 እና 3 ላይም ለሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ለእያንዳንዳቸው «ድል ለነሣው» ተብሎ ተስፋ ሲሰጥ፣ የሰምርኔስ ምእመናን የሰሙት ወደ ወኅኒ እንደሚጣሉና እስከ ሞት ድረስ መታመን እንዳለባቸው ነበር። ስለዚህ ድልን በአፍ ከማወጅ በፊት፣ የምናውጀው ድል መጽሐፍ ቅዱስ ድል ብሎ የጠራው መሆኑን መመርመር ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ሮሜ 7ን በተመለከተ ተርጓሚዎች ከጥንት ጀምሮ አልተስማሙም። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ታላቅ መምህር አውግስጢኖስ ራሱ በመጀመሪያ ክፍሉ ከጸጋ በፊት በሕግ ሥር ስላለ ሰው ይናገራል ብሎ አስተምሮ፣ ኋላ፣ ሰው በራሱ ፈቃድ ጽድቅን መሥራት ይችላል ከሚሉት ከፔላግዮስ ተከታዮች ጋር በተከራከረ ጊዜ አማኙንና ሐዋርያውን ራሱን ይመለከታል ወደሚል አሳብ ተመልሷል። አንተ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግህም፤ በገላትያ 5፥17 ሥጋ በመንፈስ ላይ መንፈስም በሥጋ ላይ እንደሚመኝ የተጻፈው መንፈስ ቅዱስን ለተቀበሉ ሰዎች ነው። ውጊያ መኖሩ ብቻውን እምነትህ ሐሰተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ሁለትና ሦስት ሳምንቱ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1875 በእንግሊዝ አገር በኬዝዊክ የተጀመረው ዓመታዊ ጉባኤ፣ አማኝ ራሱን ፈጽሞ ለጌታ አሳልፎ ሲሰጥ በእምነት ወደ ድል ሕይወት ይገባል የሚለውን ትምህርት በብዙ አገሮች እንዳሰራጨ ይታወቃል። ትምህርቱ ብዙዎችን ከቸልተኝነት አንቅቷል፤ ለዚህም አከብረዋለሁ። ነገር ግን የ11 ዓመት ልማድ በአንድ ምሽት ይፈታል ብለን እንድንጠብቅ ካደረገን፣ በሦስተኛው ሳምንት ስንወድቅ መሸነፋችንን ብቻ ሳይሆን መታለላችንንም እንድንጠራጠር ያደርገናል። እግዚአብሔር ግን ስለ ከነዓን ምድር ነዋሪዎች በዘጸአት 23፥29–30 «በአንድ ዓመት ከፊትህ አላወጣቸውም» ካለ በኋላ «በጥቂት በጥቂቱ» አለ። ምክንያቱንም ገልጿል፤ ምድሪቱ ባድማ እንዳትሆን፣ አራዊትም እንዳይበዙ ነው። ዝግታውን ያቀደው እርሱ ራሱ ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ «ዳግመኛ ላላደርገው እወስናለሁ» ያልኸው ነው። የጸደቅነው በጸጋ መሆኑን ሁላችን እናምናለን፤ ስለ ቅድስና ሲነሣ ግን ወደ ራሳችን ውሳኔ እንመለሳለን፤ ሐዋርያውም የገላትያን ሰዎች «በመንፈስ ጀምራችሁ አሁን በሥጋ ትፈጽማላችሁን?» ብሎ የወቀሳቸው በዚህ ነው። ሮሜ 6ን ብታስተውል እስከ ቁጥር 10 ድረስ አንድም ትእዛዝ የለበትም፤ ሁሉም በክርስቶስ ስለ ተፈጸመው ነገር ነው። ለኃጢአት እንደ ሞታችሁ ቁጠሩ፣ ብልቶቻችሁን ለእግዚአብሔር አቅርቡ የሚሉት ትእዛዛት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ምላስም ብልት ናት። ጠዋት ስትነሣ «ዛሬ አልቆጣም» ከማለት ይልቅ «ጌታ ሆይ፣ ይህች ምላስ የአንተ ናት» ብለህ ማቅረብ ቃላት መለወጥ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የምትደገፍበትን ይለውጣል።

መልስ፦ ዘግይቶ የነቃ

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ በብዙው እስማማለሁ። ነገር ግን «በጥቂት በጥቂቱ» የሚለው ቃል እኔን ለብዙ ዓመታት አስተኝቶኛልና ማስጠንቀቂያ ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። የእኔ ድካም ሌላ ነበር፤ «ሁሉም ይታገላል፣ ጌታ ይሠራብኛል» እያልሁ ከኃጢአቴ ጋር ተስማምቼ ኖርሁ። «ኃጢአት አይገዛችሁምና» የሚለውም በዚያው በሮሜ 6 ቁጥር 14 ላይ ያለ ቃል ነው።

ያነቃኝ መሳፍንት 1፥28 ነው። እስራኤል በበረቱ ጊዜ ከነዓናውያንን አስገበሩአቸው እንጂ ፈጽመው አላሳደዱአቸውም ይላል። በደከሙ ጊዜ አላለም። የማሳደድ ኃይል ነበራቸው፤ ነገር ግን ከነዓናዊው ይጠቅማቸው ነበር፤ ይገብርላቸው፣ ይሠራላቸው ነበር። ይህን ሳነብ ኃጢአቴን ያላሳደድሁት ስላቃተኝ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚገብርልኝ ነገር ስለ ነበረውም እንደ ሆነ አየሁ። ለኔ የሚገብረው ግብር የሰዎች አድናቆት ነበር። ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ልጠይቅህ፤ ቁጣህ ለአንተ ምን ይገብርልሃል? ይህን ሳትመልስ ብትጾም፣ ሎሌህን ወደ ጓዳ አስገብተህ እንግዳ እስኪሄድ እንደ መጠበቅ ይሆንብሃል ብዬ እፈራለሁ።

ጥያቄውን ያቀረበው፦ መንገደኛው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ግብሩ የተጠየቅሁትን ካነበብሁ በኋላ ወዲያውኑ ለመመለስ አልቻልሁም፤ ሁለት ቀን ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ስቆጣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ማንም አይከራከረኝም፤ ልጆቹ ያላደረጉትን ወዲያው ያደርጋሉ፤ ስሕተቴን ሊነግረኝ የጀመረ ሰውም ይተወዋል። በዕለቱ የምጸጸትበት ነገር በማግስቱ ያገለግለኛል። ይህን ከዚህ በፊት ለራሴም ተናግሬው አላውቅም። በምመራው የጸሎት ቡድን ውስጥ ደግሞ ስለ ቤቴ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም፤ እንዲያውም ስለ ትዕግሥት እንዳስተምር የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።

መልስ፦ የአንዲት ቤት እናት

ልጄ፣ በዕድሜ ገፋ ያልሁ ሴት ነኝና እንዲህ ብዬ ብጠራህ አትቀየም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ከሁሉ ይልቅ አሳዘነኝ፣ ተስፋም ሰጠኝ። ብዙዎቻችን የምንሸነፈው ብቻችንን ስለምንዋጋ ይመስለኛል። ያዕቆብ በ5፥16 እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ ያለው «ትፈወሱም ዘንድ» ብሎ ነው። ይቅርታውን በጓዳህ ለጌታ በምትነግረው ጸሎት ታገኘዋለህ፤ ፈውሱን ግን ያዕቆብ ወንድም ባለበት ቦታ አስቀምጦታል። እ.ኤ.አ. በ1738 የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የሆነው እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ በየሳምንቱ ለሚገናኙ ትንንሽ ቡድኖች ደንብ ሲያወጣ በዚሁ ጥቅስ ላይ ነበር የመሠረተው፤ በየስብሰባው ከሚጠየቁት ጥያቄዎች የመጀመሪያው፣ ከባለፈው ስብሰባ ወዲህ አውቀህ የሠራኸው ኃጢአት ምንድን ነው የሚል ነበር። ዛሬ በስንቱ የጸሎት ቡድን ይህ ይጠየቃል? እኛ የጸሎት ርእስ እንጠያየቃለን፤ አብዛኛውም ስለ ሥራና ስለ ጤና ነው።

እንግዲህ ምስጢር የሚጠብቅ፣ የማይደነግጥም የማያቃልልም አንድ የበሰለ ወንድም ፈልግ። ከእርሱ በፊት ግን ባለቤትህና ልጆችህ አሉ። ለእግዚአብሔር ያፈሰስኸውን እንባ እነርሱ አላዩትም፤ ያዩት ቁጣውን ብቻ ነው። ይቅርታ ስትጠይቅ «ነገር ግን እናንተም» የሚል ቃል አትጨምር። ባለቤትህንም በእርግጥ ትፈራህ እንደ ሆነ ጠይቃት፤ እፈራለሁ ካለችህ አትከራከራት፣ እርስዋም ለምታምነው ሰው የመናገር ነጻነት እንዳላት አረጋግጥላት። የእርስዋና የልጆችህ ደኅንነት ከአገልግሎትህ ስም ይቀድማል። ስለ ትዕግሥት የማስተማሩን ጉዳይ ደግሞ ለጊዜው ለሌላ ሰው ብትተወው መልካም ነው።

አንድ ተራ የሚመስል ነገርም አለ። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ የሰጠው እንጎቻና ውሃ ነበር፤ ተኛ፣ በላ፣ ደግሞም ተኛ። እግዚአብሔር ስለ ሁኔታው ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። በየትኛው ሰዓት እንደምትቆጣ ለአንድ ወር ያህል መዝግብ። ድካምና እንቅልፍ ማጣት ኃጢአትን አያጸድቁም፤ ነገር ግን በሩ የቱ እንደ ሆነ ካወቅህ በዚያ መቆም ትችላለህ።

ጥያቄውን ያቀረበው፦ መንገደኛው

እናቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ እንዳሉኝ ለማድረግ ጀምሬአለሁ። ትናንት ማታ መጀመሪያ ባለቤቴን፣ ቀጥሎ ልጆቼን ይቅርታ ጠየቅሁ። ባለቤቴ ብዙ አልተናገረችም፤ «እስቲ እናያለን» አለችኝ፤ ይህን ማለቷ ተገቢ ነው። ትልቋ ልጄ ግን «ነገም ትቆጣለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ቀድሞው «ከእንግዲህ አልቆጣም» ልላት አፌን ከከፈትሁ በኋላ አልቻልሁም። «እንዳልቆጣ ጌታ እንዲረዳኝ እለምናለሁ፤ ከተቆጣሁም ያንኑ ዕለት መጥቼ ጥፋቴን እነግርሻለሁ» አልኋት። ከአንድ ወንድም ጋር ደግሞ ለሐሙስ ተቀጣጥረናል፤ ለምን እንደ ፈለግሁትም አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። አብረን ስንቀመጥ ከየትኛው ክፍል ብንጀምር ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ የቃሉ ተማሪ

ከያዕቆብ 1፥19–20 ጀምሩ፤ የሰው ቁጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ አይሠራምና የሚለው ቃል በቤት ውስጥ ያገኘኸውን ጸጥታ በስሙ እንድትጠራው ይረዳሃል። ሮሜ 6ን ግን በሌላ ቀን፣ ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው በአንድ መቀመጫ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ሐሙስ ዕለት እጸልይላችኋለሁ።