የቡና ማሸጊያ ማኅተም የሚጠብቀው ገበሬውን ነው ወይስ ጫካውን?

ማለዳ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምገዛው ቡና ለአነስተኛ ገበሬዎች የልፋታቸውን ዋጋ የሚያስገኝ፣ በማሳው ዙሪያ የሚኖሩትን የዱር እንስሳትም መጠለያ የማያሳጣ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን የምልክቱ ብዛት ግራ አጋብቶኛል። አንዱ ማሸጊያ የፍትሐዊ ንግድ ማኅተም አለው፤ ሌላው ላይ አረንጓዴ እንቁራሪት ታትሟል፤ ሦስተኛው ማኅተም የሚባል ነገር ሳይኖረው የነብር ሥዕልና ተፈጥሮን እንወዳለን የሚል ጽሑፍ ብቻ ይዟል። የፍትሐዊ ንግዱን ብመርጥ ለጫካውም የሚገባውን እንዳደረግሁ ልቁጠረው?

የጥላ ዛፍ
ሙሉ በሙሉ አይቁጠሩት። የፍትሐዊ ንግድ ማኅተም የተነሣው ከዋጋ ጥያቄ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በኔዘርላንድስ «ማክስ ሃቬላር» በሚል ስም ሲጀመር ቡናው የመጣው በሜክሲኮ የኦሃካ ግዛት ከሚገኙ፣ በማኅበር ከተደራጁ አነስተኛ ገበሬዎች ነበር። ዛሬም የሥርዓቱ ምሰሶ ዝቅተኛው ዋጋ ነው። ከ2023 አጋማሽ ወዲህ ለታጠበ አረቢካ ይህ ዋጋ በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 1.80 ዶላር ሲሆን፣ የዓለም ገበያ ከዚያ በታች ቢወርድ እንኳ ገዥው ከእሱ ዝቅ ሊል አይችልም። በዚህ ላይ በፓውንድ 20 ሳንቲም ለማኅበሩ ይከፈላል፤ አባላቱ በጉባኤ ተነጋግረው ለማድረቂያ አልጋ፣ ለመፈልፈያ ማሽን ወይም ለትምህርት ቤት ያውሉታል። ደን መመንጠርንና አደገኛ ፀረ ተባይ መጠቀምን የሚከለክሉ ደንቦች በሥርዓቱ ውስጥ አሉ፤ በማሳው ላይ ምን ያህል የጥላ ዛፍ መቆም እንዳለበት ግን አይወስንም።

ለዱር እንስሳት በተለይም ለወፎች ጥብቅ የሆነው የአሜሪካው የስሚዝሶኒያን ተቋም «በርድ ፍሬንድሊ» (ለወፍ ተስማሚ) ማኅተም ነው። ማሳው አስቀድሞ የኦርጋኒክ (ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የማምረት) ምስክር ወረቀት ሊኖረው፣ ቢያንስ 40 በመቶው በዛፍ ጥላ ሊሸፈን፣ ቢያንስ አሥር ዓይነት ዛፎች ሊኖሩት ይገባል። ይህኛው ደግሞ በፈንታው ዝቅተኛ ዋጋ አይተምንም። እንቁራሪቷ ሬይንፎረስት አሊያንስ የተባለው ድርጅት ምልክት ናት፤ ሁለቱንም ጉዳይ በመጠኑ ትነካለች፣ ነገር ግን ቋሚ የዋጋ ወለል የላትም፤ ትልልቅ እርሻዎችም ሊያገኟት ይችላሉ። በእኔ ግምት ለእርስዎ ፍላጎት የሚቀርበው የፍትሐዊ ንግድና የ«በርድ ፍሬንድሊ» ማኅተሞች አብረው የታተሙበት ማሸጊያ ነው፤ ማግኘቱ ቀላል ባይሆንም። የነብሩን ሥዕል በተመለከተ፣ እሱን የመረመረ ማንም የለም።

ሒሳብ ያዥ
በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ በሒሳብ ክፍል የሠራሁ በመሆኔ፣ ከመዝገቡ በኩል የሚታየውን ልጨምር። ማኅበሩ ምስክር ወረቀት አገኘ ማለት ቡናው ሁሉ በዚያ ውል ተሸጠ ማለት አይደለም። ፈላጊ ያላገኘው ክፍል ያለ ምንም ጭማሪ በተራ ዋጋ ይሄዳል፤ የኦዲቱ ወጪ ግን ለሙሉው ምርት ነው። ወደ ኦርጋኒክ ለመሸጋገርም ሦስት ዓመት ያህል ያስፈልጋል፤ በእነዚያ ዓመታት ገበሬው የኦርጋኒክን ደንብ እየጠበቀ በተራው ዋጋ ይሸጣል።

የጥላ ዛፍም ለገበሬው ያለ ዋጋ አይቆምም። ጥላው ከመጠን ሲያልፍ ፍሬው ስለሚቀንስ፣ ዛፉን ቆርጦ ብዙ እሸት የሚለቅም ጎረቤት እያየ የእሱን እንዲያቆይ የሚጠየቅ ሰው ልዩነቱን የሚሞላለት ገዥ ይፈልጋል። ጥላው የሚመልሰው ነገር መኖሩ ግን አይካድም። የቡናን ፍሬ ከእምብርቱ በኩል በስታ የምትገባ፣ ከሰሊጥ የምታንስ ጥቁር ጥንዚዛ አለች፤ በኮስታ ሪካ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ወፎች ጉዳቷን በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ስለዚህ ቡናውን ቆልቶ የሚሸጠውን ሲያገኙ «ማኅተም አለህ?» ከማለት ይልቅ «ከዚህ ማኅበር ስንት ዓመት በተከታታይ ገዝተሃል?» ብለው ቢጠይቁት ይሻላል።

እሸት
በኡጋንዳ የብዊንዲ ደን አጠገብ የሚኖሩ ገበሬዎች ቡና የሚሸጥበት «ጎሪላ ኮንሰርቬሽን ኮፊ» የተባለ ድርጅት አለ። ለገበሬዎቹ የተሻለ ዋጋ ይከፍላል፣ ከሽያጩም ለተራራ ጎሪላዎች ጤናና ጥበቃ ድርሻ ይሰጣል፤ ቡናውና እንስሳው በግልጽ ስለተያያዙ ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል። በአንጻሩ ፍሬውን ውጦ በሚያወጣው የጥርኝ ዝርያ ስም ከሚሸጠው «ኮፒ ሉዋክ» ይጠንቀቁ፤ ከዱር የተለቀመ ነው ቢባልም እንስሳቱ በጠባብ ፍርግርግ ውስጥ ታስረው የሚመረትበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማለዳ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፤ በ2025 መጀመሪያ የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ 1.80 ዶላር የሚለው ወለል ምን ይጠቅማል?

ሒሳብ ያዥ
በዚያን ጊዜ ወለሉ አይሠራም፤ ገዥው የገበያውን ዋጋ ይከፍላል፣ የ20 ሳንቲሙ ጭማሪ ግን ይቀጥላል። ወለሉ የሚፈለገው እንደ እ.ኤ.አ. 2001 ላለው ዓመት ነው፤ ያኔ ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ ብዙዎች ማሳቸውን ጥለው ሄደዋል። ዋጋ ሲወደድ ማኅበሩን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው፦ ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ደጃፍ ድረስ ስለሚመጣ፣ አባላት ለማኅበሩ ሊያስረክቡት የተዋዋሉትን ቡና ለእሱ ይሸጣሉ።

የጥላ ዛፍ
ጫካውም በውድ ዋጋ ጊዜ ይበልጥ ይፈተናል፤ አዲስ ማሳ መክፈት ያጓጓልና። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ሲሆን፣ ተፈጻሚነቱ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ለዚህ ነው ጥሩ ዋጋ መክፈልን ደን ከመጠበቅ ለይተው እንዲጠይቁ የመከርኩዎት።