ከአዮናይዜሽን ኃይሉ በታች አዮን ለምን ይታያል?

ጥያቄ
አሴቶንን በሲንክሮትሮን ቫኩም አልትራቫዮሌት ብርሃን አዮን እያደረግን በበረራ ጊዜ ማስ ስፔክትሮሜትር እንለካለን። የአሴቶን አዮናይዜሽን ኃይል (ኤሌክትሮን ለማውጣት የሚያስፈልገው ትንሹ ኃይል) 9.70 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሞኖክሮሜትሩ (የብርሃኑን ኃይል የሚመርጠው መሣሪያ) 9.0 ላይ ሆኖ እያለ ግን በአሴቶን ማስ 58 ላይ ግልጽ ሲግናል አለ፤ ስባሪው 43ም አብሮ ይታያል። ይባስ ብሎ ማስ 18 ላይ ውሃ አለ፤ ውሃ ደግሞ 12.62 ሳይደርስ አዮን አይሆንም። ከፍተኛ ኃይል ያለውን ብርሃን የሚመጥጠው የጋዝ ፊልተር አርጎን ነው፦ 0.1 ሚሊባር፣ 10 ሴንቲሜትር። ሙቀት ያመጣው ይሆን?

መልስ፦ ግሬቲንግ
ሙቀት አይደለም። ውሃው የጎደለው 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ የክፍል ሙቀት ይህን አይሞላም። ያላችሁ በሞኖክሮሜትሩ ውስጥ ብርሃኑን በኃይሉ የሚለየው ግሬቲንግ የሚያሳልፈው ሁለተኛ ረድፍ ብርሃን፣ ማለትም እጥፍ ኃይል ያለው ብርሃን ነው። ለ9.0 የተስተካከለ ግሬቲንግ በዚያው አንግል 18.0ንም ያሳልፋል፤ የሲንክሮትሮኑ ብርሃን አመንጪ አንዱሌተርም እዚያ ብርሃን አያጣም። 18.0 አሴቶንን ይሰብረዋል፤ 43 የመጣው ከዚያ ነው።

ፊልተራችሁ ደካማ ነው። አርጎን 18 ላይ ያለው የመምጠጫ ስፋት (ብርሃን የመምጠጥ አቅሙ) ወደ 30 ሜጋባርን ገደማ ስለሆነ፣ በ0.1 ሚሊባርና በ10 ሴንቲሜትር ግማሽ ያህሉ ያልፋል። 1 ሚሊባር አድርጉት፤ የሚያልፈው ከሺህ አንድ በታች ይወርዳል። ለማረጋገጥ የማግኒዥየም ፍሎራይድ መስኮት ጨረሩ መንገድ ላይ አስገቡ፤ ከ10.8 ገደማ በላይ ያለውን ስለሚያግድ ውሃው ወዲያው መጥፋት አለበት። መስኮቱን ግን እዚያው አትተዉት፤ ጨረሩ እያጠቆረው ይሄዳል።

መልስ፦ ቫኩም
በዚህ ላይ ማስ 40ን ተከታተሉ። ከፊልተሩ የሚያፈተልከው አርጎን ራሱ ነጻ መለኪያ ነው፤ 40 ላይ አዮን ካለ ከ15.76 በላይ የሆነ ብርሃን አለ ማለት ነው። ግፊቱ ሲጨምር የሚያፈተልከውም ስለሚበዛ መጀመሪያ ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ኋላ ይወድቃል። በየደረጃው የሚያወጡት ቱርቦ ፓምፖች ሸክሙን መቻላቸውን ግን እዩ።

የብርሃኑን መጠን የሚለካው ፎቶዳዮድ የሁለተኛውን ረድፍ ብርሃንም አብሮ ይቆጥራል። ፊልተሩ ሳይስተካከል ሲግናሉን በሱ ማካፈል ዋጋ የለውም።

ጠያቂው
በ1 ሚሊባር 18ም 40ም ጠፉ። እናመሰግናለን። ለሌላ ናሙና እስከ 7.5 ብንወርድስ?

መልስ፦ ግሬቲንግ
አርጎን እዚያ አይረዳችሁም፤ የ7.5 እጥፍ 15.0 ነው፣ አርጎን ያለማቋረጥ መምጠጥ ከሚጀምርበት ከ15.76 በታች። ወሰኑ 7.88 ነው። ክሪፕተን 14.00 ላይ ስለሚጀምር ከ7.0 በላይ ይሠራል። በተቃራኒው ወደ ላይ ስትወጡ አርጎን 11.62 እና 11.83 ላይ ራሱ ብርሃን ይመጥጣል፤ ስካኑ ላይ ጉድጓድ ታያላችሁ። እነዚያን ነጥቦች ከመረጃው አውጧቸው፤ የኃይል ሚዛኑን ለማስተካከል ግን ከነሱ የተሻለ ምልክት አታገኙም።

መልስ፦ ሜዳ
አሁን በአሴቶን ላይ ከ9.70 ትንሽ ቀደም ብሎ የሚቀረው የሲግናል ስስ ጅራት ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ሙቀት ድርሻ አለው። ጋዙን በኖዝል አስፋፍታችሁ አቀዝቅዙት። አዮኖቹን የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ሜዳም አዮን መሆን የሚጀምርበትን ደፍ ዝቅ ያደርገዋል፦ በሴንቲሜትር 100 ቮልት ሲሆን እስከ 7.5 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ። መጠኑ የሜዳውን ስኩዌር ሩት ስለሚከተል በ25 እና በ50 ቮልትም ለኩና ውጤቱን ወደ ዜሮ ሜዳ አስጠጉት።