አዳኝ ሆኖ "ፕሬሪ ዶግ ትጠበቅ" ማለት ይቻላል?

የማና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዙሪያ ያደግን ሰዎች አደን ስንል በቆሎ ሲደርስ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ጦርና ውሻ ይዞ የዱር አሳማ ላይ መውጣት ማለታችን ነው። ሥጋው አይበላም፣ የሚፈለገው ማሳው እንዲተርፍ ነው። የአክስቴ ልጅ ኮሎራዶ፣ አሜሪካ ነው የሚኖረው፤ እዚያ ካሉ አዳኞች ጋር ይወጣል። ሰሞኑን ስለ ፕሬሪ ዶግ ተከራከርን። ሣር ሜዳ ላይ ጉድጓድ እየቆፈረች በመንደር የምትኖር የአይጥ ዘመድ ናት። እየጠፋች ስለሆነ በሕግ ትጠበቅ የሚሉ አሉ። አብረውት የሚያድኑት ደግሞ "ሕጉ ከገባ በገዛ መሬታችን ላይ አናዝም" ብለው አምርረው ይቃወማሉ። በቆሎዬን አሳማ የጨረሰብኝ ሰው ስለሆንኩ ባለመሬቱ ይገባኛል። ዘሯ እስኪጠፋ መተኮስ ግን አይዋጥልኝም። እስቲ ያደናችሁ ሰዎች ምን ትላላችሁ?

አጋሮ ከአውሮራ፦
እኔም ኮሎራዶ ነኝ፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን አድናለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ፕሬሪ ዶግ አምስት ዓይነት ናት። አዳኞች በብዛት የሚተኩሱባት ጅራቷ ጥቁር የሆነችው ስትሆን እሷ ለመጥፋት የተጋለጠች ተብላ በፌዴራል ሕግ አልተመዘገበችም። በ2000 መመዝገብ ይገባታል ተብሎ ተራ ጠበቀች፣ በ2004 ከተራው ተሰረዘች፣ በ2009 እንደገና ታይቶ አያስፈልግም ተባለ። ዩታ በሚባለው ግዛት ያለችው ዓይነት ግን ከ1973 ጀምሮ ጥበቃ ስር ናት። በ1984 የጥበቃ ደረጃዋ ሲላላ ገበሬዎች በፈቃድ የተወሰነ ቁጥር እንዲያስወግዱ የሚፈቅድ ደንብ አብሮ ወጣ። ስለዚህ "ከተመዘገበች አለቀልን" የሚለው የተጋነነ ነው።

ፍርሃቱ ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። ዩታ ውስጥ መቃብር ቦታ ሳይቀር ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኖ ሰው ምንም ማድረግ አቅቶት ነበር። ነዋሪዎች ከሰሱ፣ በ2014 ረቱ፣ በ2017 ይግባኝ ላይ ተሻረባቸው። እንዲህ ያለ ታሪክ የሰማ ባለመሬት እንስሳዋ ግቢው ውስጥ ብቅ ስትል ደስ አይለውም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ከሩቅ ሲተኩስ ውሎ፣ የወደቀውን ሁሉ እዚያው ጥሎ የሚሄድ አለ። ጥይቱ እርሳስ ነው። ሥጋው ውስጥ ይበታተናል፣ ንስርና ጭልፊት ይበሉታል፣ ይመረዛሉ። ይሄን አደን አልለውም።

ጋሼ ሊሙ፦
ልጆቼ፣ እኔ አሁን ጉልበቱ የለኝም እንጂ በጊዜዬ ከፊት የምሄድ ነበርኩ። አሳማ ማሳ ሲገባ አይታችኋል? በሌሊት ይመጣል፣ አገዳውን በደረቱ ገፍቶ ይጥላል፣ እሸቱን አንዴ ነክሶ ይተውና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጠዋት ስትደርስ ግማሹ መሬት ላይ ነው። ማማ ላይ ቆርቆሮ እየደበደበ ያላደረ ሰው ስለ እንስሳ ጥበቃ ሲያስተምረኝ ደሜ ይፈላል። ቀን ደግሞ ተረኛው ዝንጀሮ ነው።

ይሁንና ታላላቆቻችን የምታጠባ እናት ላይ ጦር እንዳትወረውሩ ይሉን ነበር። ግልገል ያስከተለች ካየን እናልፋታለን። አዳኝ ነገም ላድን ካለ ወሰን ያስፈልገዋል፣ ወሰኑን ደግሞ ራሱ ማበጀት አለበት። ቢሮ መጥቶ እስኪያበጅለት የሚጠብቅ ከሆነ፣ ቢሮው ሲመጣ ጠቅላላ ክልክል ይለዋል።

ባዮሎጂ ጅማ፦
ጋሼ፣ ያሉት ወሰን እዚያም አለ። ኮሎራዶ ውስጥ በሕዝብ መሬት ላይ ፕሬሪ ዶግ በምትወልድበትና ግልገል በምታሳድግበት ወቅት መተኮስ ክልክል ነው። እንደ ቤት አይጥ በየወሩ አትፈለፍልም፣ የምትወልደው በዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ወቅቱ ትልቅ ነገር ነው።

አዳኞች ላይ ብቻ መፍረድም ልክ አይደለም። እሷን የጨረሷት ሣሩን ለከብት ለማትረፍ ተብሎ በመንግሥት ጭምር የተረጨው መርዝ፣ ሜዳው መታረሱና ቸነፈር ናቸው። ቸነፈሩ በ1900 አካባቢ በመርከብ የገባ በሽታ ነው፣ በቁንጫ ይተላለፋል፣ አንድ ሙሉ መንደሯን ባጭር ጊዜ ባዶ ያደርጋል። አሁን ጉድጓዶቹ ውስጥ የቁንጫ መድኃኒት ይነፋል።

እሷ ስትጠፋ ደግሞ ብቻዋን አትጠፋም። ጥቁር እግር ፌሬት የሚባል ትንሽ አውሬ ምግቡ እሷ፣ ቤቱም የእሷ ጉድጓድ ነው። ፌሬቱ ጠፍቷል ተብሎ ከቆየ በኋላ በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ የአንድ እርሻ ውሻ አንዱን ገድሎ ቤት አመጣ። በዚያ ተገኙ። በኋላ ግን ቸነፈርና ዲስቴምፐር የሚባል የውሻ በሽታ ስለመታቸው የቀሩት 18 ብቻ ተይዘው በእንክብካቤ እንዲራቡ ተደረገ።

እኛም ጋ ያው ነው። የባሌው ትልቁ ፍልፈል ለቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ ነው፣ በዓለም ላይ ከባሌ ሌላ የለም፤ ቀይ ቀበሮውም በጠቅላላው ከጥቂት መቶ አይበልጥም። ድንቹን የሚበላበት ገበሬ "ይሄ ፍልፈል ምን ያደርጋል?" ቢል አልፈርድበትም፤ ግን ቀበሮ ይኑር ብለን ፍልፈል ይጥፋ ማለት አንችልም።

የማና ልጅ፦
የቀበሮው ነገር ገባኝ። ግን ጥያቄዬን ልመልሰው፤ የሣሩን ጉዳት ማን ይክፈል? ለእኔ በቆሎ እስካሁን የከፈለኝ የለም።

አጋሮ ከአውሮራ፦
ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። እኔ ከሕጉ በፊት ክፍያ ይቅደም ባይ ነኝ። የፕሬሪ ዶግ መንደር በመሬቱ ላይ ለማቆየት የተስማማ ባለ ከብት ሲከፈለው አመለካከቱ ይለወጣል። ገንዘቡ ከየት ለሚለው ደግሞ፣ ከ1937 ጀምሮ እዚህ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ሥራ ይውላል። ማለትም አዳኙ ድሮም ከፋይ ነው። ይሄን ይዞ "እኔም ውሳኔው ላይ ልቀመጥ" ቢል ያምርበታል። "አይመለከተኝም" ሲል ግን ወንበሩን ለሌላ ይለቃል።

ጋሼ ሊሙ፦
ይሄኛው ንግግር ተስማምቶኛል። እኛም ጋ ማማ ላይ ለሚያድረው ሰው የሆነ ነገር ቢታሰብለት ጦሩ ይቀንስ ነበር።

የማና ልጅ፦
ለአክስቴ ልጅ ሙሉውን ልኬለታለሁ። ከሚያዝያ በኋላ ሊወጡ አስበው ነበር፤ ወቅቱ እስኪያልፍ እንዲቆዩ ጓደኞቹን እንደሚጠይቅና እርሳሱን ትቶ የመዳብ ጥይት እንደሚገዛ ነገረኝ። በክፍያው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም።